ገመናችን በደላላ እጅ

«ደላላ» የሚለው ቃል በአማርኛችን መልካም ስም የለውም። ቤት ያከራየ፣ መኪና የሸጠ፣ የቤት ሠራተኛ የቀጠረ ሁሉ ስለ ደላላ የሚያወጋው ምሬት አያጣም። ይሁን እንጂ ለአገራችን ደላላ አንድ ምስክርነት ልስጥለት፤ የሚደልለው ባለንብረቱ «አሻሽጥልኝ» ያለውን ነው። ሊያከራይ የሚፈልግ አለ፤ ሊከራይ የሚፈልግ አለ፤ ደላላው ሁለቱን አገናኝቶ ኮሚሽኑን ይቀበላል። ባለቤቱ ሳያውቅ፣ ሳይጠየቅና ሰባራ ሳንቲም ሳይደርሰው የሰውን ንብረት የሚቸበችብ ቢገኝ ግን ስሙ ደላላ መሆኑ ይቀርና ሌባ ይባላል።

እዚህ አሜሪካ በጠራራ ፀሐይ፣ ንግድ ፈቃድ አውጥቶ እንዲህ የሚያደርግ ደላላ አለ። ሸቀጡ የእኛው ሕይወት ነው፤ ስማችን፣ የልደት ቀናችን፣ የስልክ ቁጥራችን፣ የቤታችን አድራሻ፣ ከማን ጋር እንደምንኖርና የት እንደምንገበያይ። እንግሊዝኛው «ዳታ ብሮከር» ይለዋል፤ እኔ የመረጃ ደላላ እለዋለሁ። ይህ ደላላ ነውሩን የሚሸፍንባት አንዲት ነጠላ አለችው፤ «ኦፕት አውት» ትባላለች። «ካልፈለግህ አመልክትና ከመዝገቤ አወጣሃለሁ» ማለት ነው። ክርክሬ በዚህች ነጠላ ላይ ነው። ከመዝገብ የመውጣት ዕድል ተብሎ የተሰጠን ነገር መብት አይደለም፤ ልመና ነው። ለጊዜው ሌላ መከላከያ ስለሌለን እንለምን፤ ልመናውን እንደ መብት ቆጥረን አመስግነን ከተኛን ግን የሚያዝንልን አይኖርም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ ደላላው ሸቀጡን ከየት ያመጣዋል? ቤት ስንገዛ ስማችን በመንግሥት የንብረት መዝገብ ይጻፋል፤ መዝገቡም ለሕዝብ ክፍት ነው። ለመምረጥ ስንመዘገብ ስማችንና አድራሻችን በመራጮች ዝርዝር ይሰፍራል፤ ብዙ ስቴቶችም ዝርዝሩን በክፍያ ይሰጣሉ። ፍርድ ቤት ስንቆም፣ ንግድ ስናስመዘግብ፣ የሱፐርማርኬት የቅናሽ ካርድ ስንሞላ፣ ስልካችን ላይ ነጻ ነው የተባለ መተግበሪያ ስንጭን አንድ ብጣሽ ወረቀት ጥለን እናልፋለን። ቤት ስንቀይር ለፖስታ ቤት የምንሞላት የአድራሻ ለውጥ ፎርም እንኳ ከመሳቢያ አትቀርም፤ ፖስታ ቤቱ ፈቃድ በሰጣቸው ድርጅቶች በኩል፣ ስማችንንና የቀድሞ አድራሻችንን የያዘ ላኪ ሁሉ አዲሱን ማግኘት ይችላል። ደላላው እነዚህን ብጥስጣሾች ሰፍቶ አንድ ሙሉ ሰው ያደርጋቸዋል። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2014 ዘጠኝ ደላሎችን መርምሮ ባወጣው ዘገባ፣ ከዘጠኙ አንዱ ብቻ በአሜሪካ ስለሚኖር እያንዳንዱ ሸማች ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ 3,000 የመረጃ መለያዎችን ይዞ ተገኝቷል። ስለ እኛ 3,000 ነገር የሚያውቅ እናት ወይም የነፍስ አባት ያለው ማን ነው?

የራሴን መዝገብ በአንድ የሰው መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ አይቼዋለሁ። ወደዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ የኖርኩባቸው አፓርትመንቶች ሁሉ ከነበር ቁጥራቸው ተደርድረዋል። «ዘመዶች» በሚለው ርእስ ሥር በመጀመሪያው ዓመት ኪራይ የተጋራኋቸው ሁለት ልጆች ሰፍረዋል፤ የትዳር ጓደኛዬ ግን «ሊተዋወቁ ከሚችሉ ሰዎች» ተራ ተመድባለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የደላላው መሣሪያ የተሠራው ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ በአንድ የቤተሰብ ስም ለሚጠሩበት ሕዝብ ነው። የእኛ ሰው የአባቱን ስም አስከትሎ ይሄዳል፤ ሚስት የባሏን ስም አትወስድም። ስለዚህ ደላላው ዝምድናችንን የሚገምተው በጋራ በኖርንበት አድራሻ ነው። ስሜም በላቲን ፊደል ሦስት ዓይነት ተጽፎ ሦስት ሰው ሆኛለሁ፤ ሦስቱንም አንድ በአንድ ማስወጣት የእኔ ዕዳ ነው። የልደት ቀናቸው በማይታወቅ ጊዜ በወረቀታቸው ላይ ጃንዋሪ 1 የተጻፈላቸው ብዙ ስደተኞች ደግሞ አንዱ መዝገብ ከሌላው ሲደባለቅባቸው ማየት የተለመደ ነው። ስሕተቱ ያስቃል። ነገር ግን ስሕተት ይጠብቀኛል ብሎ የሚጽናና ወገን ካለ አንድ ነገር ልንገረው፤ አሁን የምኖርበት ቤት አድራሻ ትክክል ነበር።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሣ መልስ አለ። «ወንጀል አልሠራሁ፣ የሚደበቅ ነገር የለኝም፤ ምን ቸገረኝ?» የሚል። ይህን የሚል ሰው ገመናን ከወንጀል ጋር አምታቷል። በባህላችን የቤቱን በር የሚዘጋ ሰው ሌባ ስለሆነ አይደለም፤ ቤቱ ቤት ስለሆነ ነው። ደግሞስ አድራሻችን ለአደጋ የሚዳርገን እኛ በሠራነው ነገር ነውን? ሌላው ሰው ሊያደርግብን ባሰበው ነገር ነው እንጂ።

በ1999 በኒው ሃምፕሺር ስቴት፣ ናሹዋ በምትባል ከተማ የምትኖር የ20 ዓመት ወጣት የሚከታተላት ሰው ነበር። ሰውየው ዶክዩሰርች ከተባለ የኢንተርኔት መረጃ ሻጭ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሯን በ45 ዶላር፣ የሥራ ቦታዋን አድራሻ በ109 ዶላር ገዛ። ከዚያም ከሥራ ስትወጣ ጠብቆ በጥይት ገደላት፤ ራሱንም አጠፋ። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2003፣ መረጃ የሚሸጥ ሰው ሽያጩ በሌላ ሰው ላይ ከሚያመጣው ጉዳት የመጠንቀቅ ግዴታ እንዳለበት ወሰነ። ውሳኔው መልካም ነው፤ ለሟቿ ግን ምን ይረባታል? በጁላይ 2020 በኒው ጀርሲ አንድ ጠበቃ ዕቃ አድራሽ መስሎ የፌዴራል ዳኛዋን የኤስተር ሳላስን ቤት አንኳኳ፤ የ20 ዓመት ልጇን ዳንኤል አንደርልን ገድሎ ባሏን አቆሰለ። በጁን 2025 ደግሞ የሚኒሶታ የሕዝብ እንደራሴ ሜሊሳ ሆርትማንና ባለቤቷ ከቤታቸው ተገደሉ። መርማሪዎች ለፍርድ ቤት ባቀረቡት ቃል እንደተገለጠው፣ በተጠርጣሪው ማስታወሻ ደብተር ውስጥ የሰው አድራሻ የሚገኝባቸው 11 የመፈለጊያ አገልግሎቶች ተዘርዝረው ተገኝተዋል። እነዚህ ሰዎች የሚደበቅ ወንጀል አልነበራቸውም፤ ቤት ብቻ ነበራቸው።

ወደ እኛው ሰፈር ልምጣ። በ2014 በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ፣ ኮምፒውተሬ ውስጥ ሰላይ ፕሮግራም አስገብተህ የግል ንግግሬን ቀድተሃል ሲል የኢትዮጵያን መንግሥት በዋሽንግተን ፍርድ ቤት ከሰሰ። በአገር ቤት ባሉ ዘመዶቹ ላይ ጉዳት እንዳይደርስ ስለፈራም «ኪዳኔ» በሚል የተጸውዖ ስም ብቻ እንዲከራከር ፍርድ ቤቱ ፈቀደለት። በ2017 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር አልተፈጸመም በማለት የባዕድ መንግሥት ያለመከሰስ መብትን ጠቅሶ ክሱን ዘጋው። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚደንቀኝ አንድ ነገር አለ። የአንድ ሰው ስም ሊያስከትል የሚችለውን አደጋ አይቶ ዳኛ ስሙን ይሸፍንለታል፤ እሱን የመሰሉ የሺህ ስደተኞች ስምና የቤት ቁጥር ግን በዚያው ከተማ በጥቂት ዶላር ይሸጣል። ከአገር ቤት እስር አምልጦ ጥገኝነት የጠየቀ ጋዜጠኛ፣ ከሚደበድባት ባል ሸሽታ ስቴት የቀየረች እናት፣ በፖለቲካ ጠብ «አድራሻውን አውጡት» የተባለበት ተቺ፣ እነዚህ ሁሉ የሚኖሩት በእኛው መካከል ነው። የዛሬ አሳዳጅ ሰላይ መቅጠር አያሻውም፤ የክሬዲት ካርድ ይበቃዋል።

እሺ፣ ከመዝገቡ እንውጣ። እንዴት ነው የሚወጣው? ደላላው አንድ አይደለም፤ በመቶዎች የሚቆጠር ነው። እያንዳንዱ የራሱ ፎርም አለው። አንዱ ኢሜይል ይጠይቃል፤ ሌላው ስልክ ቁጥር፤ ሌላው የመታወቂያ ቅጂ። እንዳይሸጥብህ የምትለምነውን መረጃ አረጋግጠህና አድሰህ ለሻጩ ታስረክባለህ ማለት ነው። ፎርሙን ማግኘቱ ራሱ ሌላ ድካም ነው፤ ዘ ማርክአፕና ካልማተርስ የተባሉት የዜና ተቋማት በ2025 በካሊፎርኒያ የተመዘገቡ 499 ደላሎችን ሲመረምሩ፣ 35ቱ የማስወጫ ገጻቸው በኢንተርኔት ፍለጋ እንዳይገኝ የሚያደርግ ኮድ አስገብተው አግኝተዋቸዋል። በሩ አለ ይሉሃል፤ እጀታውን ግን ደብቀውታል። ደክመህ ብትወጣም መውጣትህ ዘላቂ አይደለም። ደላላው ከአዲስ ምንጭ አዲስ ወረቀት ሲገዛ መዝገብህ እንደገና ይበቅላል። ሻጭ አንድ ጊዜ ይሰበስባል፤ ተሸጪ ዕድሜ ልኩን ያመለክታል። የትኛው ገበያ ነው እንዲህ ያለ ሚዛን የሚሠራበት?

ከዚህ ድካም «እንገላግላችኋለን» የሚሉ በክፍያ የሚያስወጡ ድርጅቶችም ተፈጥረዋል። ኮንሲዩመር ሪፖርትስ በ2024 በ32 ፈቃደኞችና በ13 የሰው መፈለጊያ ድረ ገጾች ላይ ባደረገው ፍተሻ፣ በእጅ ፎርም እየሞሉ ማመልከት ከብዙዎቹ ተከፋይ አገልግሎቶች የተሻለ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት የደኅንነት ጉዳዮች ጋዜጠኛው ብራያን ክሬብስ፣ ዋንሬፕ የተባለው የማስወጫ ድርጅት መሥራችና ሥራ አስኪያጅ ራሱ በደርዘን የሚቆጠሩ የሰው መፈለጊያ ድርጅቶችን የመሠረተ ሰው መሆኑን አጋለጠ። አበው «በሬ ካራጁ ይውላል» ያሉት ለዚህ ሳይሆን ይቀራል? በአንድ እጅ ገመናህን ይሸጡብሃል፤ በሌላው እጅ መሸፈኛውን ይሸጡልሃል።

ሕጉስ ምን ይላል? የአሜሪካ ሕግ በዚህ ጉዳይ የሚነቃው አስከሬን ሲያይ ነው። ተዋናይቷ ሬቤካ ሼፈር በ1989 የተገደለችው፣ ገዳይዋ በቀጠረው የግል መርማሪ አማካይነት አድራሻዋ ከካሊፎርኒያ የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት ስለተገኘ ነበር፤ የመንጃ ፈቃድ መዝገብን የሚጠብቀው የፌዴራል ሕግ በ1994 ወጣ። ዳንኤል አንደርል ከሞተ በኋላ ኒው ጀርሲ በዚያው ዓመት፣ የፌዴራሉ ምክር ቤት በ2022 የዳኞችን አድራሻ የሚያስወጣ ሕግ አወጡ። በሜሪላንድም ዳኛ አንድሩ ዊልኪንሰን በ2023 በደጃፋቸው ከተገደሉ በኋላ በ2024 በስማቸው ተመሳሳይ ሕግ ጸደቀ። ለዳኛ የሚገባ ጥበቃ ነው፤ አልቃወምም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ደላላው የዳኛን አድራሻ መሸጡ ነፍስ ያጠፋል ተብሎ ከታመነ፣ የነርሷን፣ የታክሲ ነጂውን፣ የፓርኪንግ ሠራተኛውን አድራሻ መሸጡ ነፍስ አያጠፋም ያለው ማን ነው?

ለተራው ሰው የተረፈው ሕግ የአህያ ባል ነው፤ ከጅብ አያስጥልም። የቨርጂኒያው የመረጃ ጥበቃ ሕግ ከ2023፣ የሜሪላንዱ ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ናቸው፤ «አጥፉልኝ» የማለት መብትም ሰጥተዋል። ነገር ግን ሁለቱም «ለሕዝብ ክፍት የሆነ መረጃ» የግል መረጃ አይባልም ብለው አንቀጽ አስገብተዋል። የሰው መፈለጊያ ድረ ገጾች ሸቀጥ ደግሞ በአብዛኛው የሚቀዳው ከዚያው ከሕዝብ መዝገብ ነው። ዋናው ጅብ በዋናው በር እንዲገባ ተፈቅዶለት መስኮቱ ተዘጋ ማለት ነው። ካሊፎርኒያ በ2023 ባወጣችው ሕግ አንድ እርምጃ ቀድማለች፤ ነዋሪው አንድ ጊዜ ብቻ አመልክቶ በተመዘገቡት ደላሎች ሁሉ ዘንድ እንዲሰረዝ የሚያስችል የመንግሥት ድረ ገጽ በጃንዋሪ 2026 ከፍታለች። ሕጉ ደላሎቹ ከኦገስት 1 ቀን 2026 ጀምሮ በየ45 ቀኑ ማመልከቻዎቹን እየወሰዱ እንዲፈጽሙ ያዝዛል። እዚያም ቢሆን የሕዝብ መዝገብ ከሕጉ ውጪ ነው። በፌዴራል ደረጃ የሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ ደላሎችን እንደ ክሬዲት መዝጋቢዎች ሊቆጣጠር በዲሴምበር 2024 ያቀረበው ረቂቅ ደንብ በሜይ 2025 ተነሥቷል።

መንግሥት ለምን ይለግማል ቢባል፣ መንግሥት ራሱ ደንበኛ ስለሆነ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 በካርፐንተር ጉዳይ፣ ፖሊስ የአንድን ሰው የቆየ የስልክ እንቅስቃሴ መዝገብ ከስልክ ኩባንያ ለማግኘት የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልገዋል ብሎ ወሰነ። ትእዛዝ የሚጠይቀውን ግን በገንዘብ መግዛት ይቻላል። የኢሚግሬሽን አስፈጻሚው መሥሪያ ቤት፣ ማለትም አይስ፣ በአንድ የደላላ ቋት በኩል የውሃ፣ የመብራትና የስልክ ደንበኞችን መዝገብ ሲጠቀም እንደነበረ በ2021 ተዘግቧል፤ በዚያው ዓመትም ከሌክሲስኔክሲስ ጋር ውል ገብቷል። ይህን ግዢ የሚከለክል ረቂቅ በአፕሪል 2024 በተወካዮች ምክር ቤት በ219 ለ199 ድምፅ ቢያልፍም ሕግ ሳይሆን ቀርቷል። ስለዚህ የመብራት ቆጣሪ በስምህ ማስገባት ራስህን ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ ሊሆን የሚችልበት ዘመን ላይ ነን።

ለተቃራኒው ወገን ፍትሕ ላድርግ። «የሕዝብ መዝገብ ክፍት መሆኑ የዴሞክራሲ ምልክት ነው፤ ባለሥልጣን ስንት ቤት እንዳለው የምናውቀው በእሱ ነው» ይላሉ። ልክ ናቸው። ባለሥልጣኑ የዘረፈውን የሚያስመዘግብበት ግልጽ ቦታ ከሌለበት አገር የመጣን ሰዎች ይህን አናቃልልም። ነገር ግን መዝገብ ቤት ሄዶ ስለ አንድ ይዞታ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ የአንድን ሰው የ20 ዓመት ኑሮ ከመቶ መዝገብ ለቅሞ፣ ከዘመዶቹ ስም ጋር ጠርዞ፣ ገዢው ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ መሸጥ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው መንግሥትን ለዜጋ ያጋልጣል፤ ሁለተኛው ዜጋን ለማንም ያጋልጣል። ሁለቱን አንድ ስም የሚሰጥ ሰው ወይ አላስተዋለም፤ ወይ ደሞዙ ከደላላው ነው።

ሌላ መንገድ የለም እንዳይባልም፣ አለ። ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ደንብ የሚነሣው ከሌላኛው ጫፍ ነው፤ የሰውን መረጃ የሚይዝ ድርጅት ለመያዙ ሕጋዊ ምክንያት ማቅረብ አለበት። የማስረዳት ሸክሙ በያዡ ላይ እንጂ በተያዘበት ላይ አይደለም። የኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 እንኳ በ2024 ሲወጣ በወረቀት ላይ የተከተለው ይህንኑ አሠራር ነው። ጥያቄያችን መሆን ያለበት ይኸው ነው፦ «ካልፈለግህ ውጣ» ሳይሆን «ከፈቀድህ ግባ»።

እስከዚያው ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ሞኝነት ነው። ስምህን በሁሉም የላቲን አጻጻፉ ፈልግ፤ የቤት አድራሻህን ከስምህ ጋር ከሚያወጡት የሰው መፈለጊያ ድረ ገጾች ጀምር፤ ለዚህ ሥራ ብቻ የተከፈተ ኢሜይል ተጠቀም፤ መታወቂያ ከጠየቁህ የማያስፈልገውን ቁጥርና ፎቶ ሸፍነህ ላክ፤ በየሦስትና በየአራት ወሩ ተመልሰህ እይ። ካሊፎርኒያ የምትኖሩ በተከፈተው ድረ ገጽ አመልክቱ። ከአሳዳጅ የሸሸች እህት ካለች፣ ሜሪላንድን፣ ቨርጂኒያንና ካሊፎርኒያን ጨምሮ ብዙ ስቴቶች እውነተኛ አድራሻዋን በምትክ አድራሻ የሚሸፍን ፕሮግራም እንዳላቸው ንገሯት። እድሮቻችን፣ ቤተ ክርስቲያኖቻችን፣ መስጊዶቻችንና ማኅበሮቻችን የአባላት ስልክና አድራሻ ዝርዝር በየግድግዳውና በየድረ ገጹ መለጠፍ ይተዉ። በፖለቲካ የተጣላነውን ሰው ቤት ፎቶ አንሥቶ ማሠራጨትም ከደላላው የባሰ ነውር ነው፤ ደላላው ቢያንስ ለገንዘብ ነው የሚያደርገው።

የዜግነት ወረቀት ያለን ደግሞ ድምፅ አለን። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ድምፅ ሊለምኑን በየበዓሉ የሚመጡ እጩዎች እንጀራችንን ቀምሰው፣ ነጠላችንን ለብሰው ፎቶ ተነሥተው ይሄዳሉ። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ አንድ ጥያቄ እንጠይቃቸው፦ ለዳኛው የሰጣችሁትን በር ለእኛ የምትከፍቱት መቼ ነው? ለሕዝብ ክፍት የተባለውንስ መዝገብ ለደላላ ክፍት ያደረገውን አንቀጽ ማን ይሰርዘዋል? መልሱን በቁርጥ ያልነገረን እጩ ድምፃችንን በነጻ አይውሰድ። አድራሻችንን በነጻ የወሰዱት ይበቃሉ።

ቸር እንሰንብት።